የጋሽ ደስታ ዓይንና የእኔ ብልጠት

ስለ ጉልበቴ ላወራችሁ ነው። ግን ገና ሳልጀምር አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ነገሩ በጉልበቴ ብቻ ቢያልቅ ኖሮ ስቄ እተወው ነበር። መሀል ላይ የጋሽ ደስታ ዓይን ገባበት። ያስገባችው ደግሞ የእኔው ምላስ ናት። ስለዚህ ስትስቁ በልኩ ሳቁ።

እኔ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ የምኖር የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ይህን ስትሰሙ ጠረጴዛ፣ ማህተምና ተሽከርካሪ ወንበር የታያችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱት። ሥራዬ ያለቦታቸው በቆሙ ብስክሌቶች ላይ ብርቱካንማ የማስጠንቀቂያ ካርድ ማሰር ነው። ባለቤቱ በጊዜ መጥቶ ካላነሣው የጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አሳሪ ብቻ ነኝ። ሮተርዳም ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይህ ዝርዝር አይታወቅም። እዚያ ስሜ "መንግሥት" ነው። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ይመጣል። "እስቲ መንግሥት ይየው" ይባላል፤ እኔም አየዋለሁ። የገባኝን እናገራለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ከደብዳቤ ሁሉ ሰውን የሚያስጨንቀው የጤና ዋስትናው ነው። ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። እዚህ አገር ሚኒስትርም ሁን የቢሮ ጽዳት፣ በየወሩ ለጤና ዋስትና ትከፍላለህ። ይህን እየከፈልክም ሆስፒታል ከሄድክ፣ በዓመቱ ውስጥ እስከ አንድ ልክ ድረስ ሂሳቡን ከራስህ ኪስ ትችላለህ። ልኩ "ኤይኸን ሪሲኮ" ይባላል፤ እኛ "ሪሲኮ" ብለን አሳጥረነዋል። ልኩ ሲሞላ የቀረው የኩባንያው ዕዳ ነው። ጃንዋሪ አንድ ቀን ሲነጋ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከፈለግህ ይህን ልክ በገዛ ፈቃድህ ከፍ ታደርገዋለህ፤ ያኔ የወር ክፍያህ ጥቂት ይቀንስልሃል። በሌላ አነጋገር፣ አልታመምም ብለህ ከኩባንያው ጋር ትወራረዳለህ።

እኔ ተወራረድኩ። ያውም እስከ መጨረሻው ጣሪያ ድረስ። በየቀኑ ከብስክሌት ወደ ብስክሌት የምመላለስ፣ ጉንፋን እንኳ የሚፈራኝ ሰው ነኝና ምን ቸገረኝ አልኩ። አምስተርዳም ቢሮ የምትሠራው ልጄ ሕሊና ስትሰማ "ፓፓ፣ አንተ እኮ ስለ ዋስትና ምንም አታውቅም" አለችኝ። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ አባቱን እንዲህ ነው የሚያናግረው። እኔም ለልጅ አፍ መልስ አልሰጥም ብዬ ዝም አልኩ።

ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ግን ዝም አላልኩም። አምና በኖቬምበር፣ ሰው ሁሉ ዋስትናውን በሚቀይርበት ወር፣ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛው፣ ጤነኛ የሆነ ልኩን ከፍ ያድርግ የሚል ነው። ሁለተኛው የብልጠቴ ዘውድ ነበር፤ ከኦክቶበር ወዲህ የሚመጣ ሕመም ሁሉ እስከ ጃንዋሪ ይታገሥ። ምክንያቱም በዓመቱ መጨረሻ ብትታከም የዚህን ዓመት ሪሲኮ ትከፍላለህ፤ ሕክምናው ከቀጠለ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ የሚቀጥለውን ትጀምራለህ። ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ለምን ይከፈላል? ሰው በአድናቆት አንገቱን ነቀነቀ። ከኋላ ወንበር ላይ ጋሽ ደስታ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም ነቀነቁ።

ጋሽ ደስታን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ እኔ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በነበርኩበት ሚኒስቴር፣ እሳቸው ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ የሕክምና ወረቀት ጸሐፊ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመም ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ከሂሳቡ ግማሹን መንግሥት ይችልለታል። ደብዳቤውን ለማግኘት በጋሽ ደስታ ጠረጴዛ በኩል ማለፍ ግድ ነው። አባታቸው ወጌሻ ስለነበሩ የእሳቸውም እጅ አጥንት ያውቃል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ትከሻው የወለቀ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ከዚያ ይዳስሳሉ። "ይህ የእኔ ነው" ካሉ እዚያው ወንበር ላይ ጎትተው፣ አሽተው፣ አስጩኸው ይመልሱታል። "ይህ የእነሱ ነው" ካሉ ደግሞ መሳቢያቸውን ከፍተው ማህተሙን ያወጣሉ። ዛሬ እዚህ አገር ያለ የቤተሰብ ሐኪም ዘጠኝ ዓመት ተምሮ የሚሠራውን ሥራ እሳቸው በአንድ መሳቢያ ይሠሩት ነበር።

ደብዳቤውን ጽፈው ሲያበቁ ደግሞ ኮታቸውን ያነሣሉ። "ወረቀት ብቻውን አይሄድም" ይላሉ። አንድ ጊዜ ትርፍ አንጀት ያዘኝና እያቃሰትኩ ጠረጴዛቸው ጋ ደረስኩ። ጽፈው፣ ማህተም አድርገው፣ ኮታቸውን ለበሱ። እሳቸው ሲነሡ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተነሡ። እሳቸውን ተከትላ ታይፒስቷ ተነሣች። ሹፌሩ፣ ሁለቱ ተላላኪዎች፣ ከሂሳብ ክፍል ደግሞ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው መኪናው ውስጥ ገባ። አንዱ ካርድ ክፍል ወረፋ ያዘልኝ፣ አንዱ ወንበር ለመነልኝ፣ አንዷ ለእናቴ ላከችልኝ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲያየን መጀመሪያ የጠየቀው "የታመመው የትኛው ነው?" ብሎ ነው።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ወረፋው አይናፍቀኝም። "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" መባሉም አይናፍቀኝም። የሚናፍቀኝ መታመሜን ብቻዬን አለማወቄ ነው። ጋሽ ደስታን ከስንት ዓመት በኋላ ሮተርዳም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሳገኛቸው ያ መሥሪያ ቤት በሙሉ በአውሮፕላን የመጣልኝ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እዚያው ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። የሐበሻውን ቁርጭምጭሚት ያሻሉ፤ የሚያሹበትን ቅቤ ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸዋል፤ ገንዘብ አይቀበሉም።

እንግዲህ ወደ ጉልበቴ። ዘንድሮ ኖቬምበር ሲገባ፣ በገዛ ሕጌ መሠረት መታመም በተከለከለበት ወር፣ የቀኝ ጉልበቴ እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፋ። ወዲያው ወደ ራሴ ሕግ ዞርኩ። ዘጠኝ ሳምንት ምን አላት? ደበቅኩት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስታየኝ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ዘወር ስትል ግድግዳ እይዛለሁ። እሷም ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ አሻራ አይታ ምን እንደነካኝ ትጠይቀኛለች። ቀለሙ መታደስ አለበት እላታለሁ። እንደዚያ እያልኩ ሳሎኑን በአንድ እግር ቀለም ልቀባ ተገደድኩ።

ሥራ ቦታ ደግሞ ባሰ። አንድ ቀን ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዱን ብስክሌት ላስር ቁጢጥ አልኩ፤ መነሣት ግን እምቢ አለኝ። የብስክሌቱን ጎማ አቅፌ እንደተቀመጥኩ ባለቤቱ ከተፍ አለ። ወጣት ሆላንዳዊ ነው። እንዳይወሰድበት እየለመነኝ ሳለ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ሲያይ በጣም ተነካ። "ይህን ያህል ካዘንክልኝማ" ብሎ እጁን ሰጠኝና አነሣኝ። እኔም ካርዱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ያሰርኩትን ስፈታ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ጣጣ። እኔ ከዚህ በፊት ቅዳሴ ጋብ ባለ ቁጥር ወንበር የምፈልግ ሰው ነኝ። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ግን ከተቀመጥኩ መነሣት ስለማልችል መቋሚያውን ብብቴ ሥር ወሽቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እቆማለሁ። ሕመሙ ሲያስጨንቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። በሦስተኛው እሑድ "መንግሥት እንዴት ጸሎተኛ ሆነ" ተባለ። በአራተኛው እሑድ ለሰበካ ጉባኤ አባልነት ታጨሁ። እንግዲህ ሰማይንም ማታለል ጀመርኩ ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሹመት ግን እንዳለው ያየሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ነው የድሮው ጠረጴዛ ትዝ ያለኝ። ጋሽ ደስታ እያሉ ምን አስጨነቀኝ? ለእሳቸው ሪሲኮ የለ፣ ዲሴምበር የለ። ከሥራ እንደወጣሁ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ባቡር ይዤ ዴልፍስሃቨን ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝና ግንባሬን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ሳሙኝ። አረጁ ብዬ አሰብኩ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

ሱሪዬን ጠቅልዬ ጉልበቴን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸው ያው የድሮው እጅ ነው። ዙሪያውን ዞሩት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ከዚያ ሱሪዬን ራሳቸው መለሱልኝ።

"ይህ የእኔ አይደለም፤ የእነሱ ነው" አሉኝ።

"እሺ ጋሽ ደስታ፤ ጃንዋሪ ላይ እሄዳለሁ።"

"ጎበዝ። እኔም የእኔን ለጃንዋሪ ነው የያዝኩት።"

"ምኑን?"

"ዓይኔን ነዋ።"

ይህን ሲሉኝ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዱልኝ ነበር። ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ አልገባም። ከብርጭቆው በስተግራ፣ ጠረጴዛው ላይ እየፈሰሰ ነው፤ እሳቸው ግን ብርጭቆው እስኪሞላ ተረጋግተው ይጠብቃሉ። እጃቸውን ያዝኩት።

ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ። መጀመሪያ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይል ጀመረ። ቀጥሎ ከጎን በኩል መጋረጃ የመሰለ ነገር ወረደ። አሁን መጋረጃው መሀል ደርሶ አልፏል። ከጀመራቸው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው።

"ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ከኦክቶበር ወዲህ የታመመ እስከ ጃንዋሪ ይታገሥ ያልከው አንተ አይደለህም? አምስት ሳምንት ነው የቀረው። ልኩንም አንተ ባልከኝ መሠረት ከፍ አድርጌዋለሁ።" ጥፋት እንዳልሠሩ ሊያስረዱኝ ነው የሚሞክሩት። መመሪያ አክባሪ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ለሕሊና ደወልኩላት። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። "ፓፓ፣ ሃውስአርትስ ጋ መሄድ እኮ ሪሲኮ ውስጥ አይገባም። የቤተሰብ ሐኪም ሁልጊዜ ነፃ ነው። ይህን እንኳ አታውቅም? ሆስፒታሉም ቢሆን እኮ ሂሳቡን ከፋፍለህ መክፈል ትችላለህ። አሁኑኑ ደውል፤ ስፑት ነው በላቸው።" ስፑት ማለት አስቸኳይ ማለት ነው። ቀጥላ ወደ እሳቸው ዞረች። "ጋሽ ደስታ፣ አንተስ ለምን ዝም አልክ? ልጅ ነህ እንዴ?"

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። "እናቴ ከሞተች ወዲህ አንተ ያለኝ አልነበረም" አሉ።

ፈገግ አሉ እንጂ አልተነሡም። ሰዓቱ መሽቷል፣ ሰው አላስቸግርም፣ አምስት ሳምንት ምን አላት እያሉ የእኔኑ ቃል መልሰው ለእኔው ያነቡልኛል። ብልጠቴ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ምን ያህል ጅልነት እንደሆነ የሰማሁት ያኔ ነው። አተርፍ ባይ አጉዳይ የሚባለው በራሱ ላይ ለሚያጎድል ሰው ነው፤ በሌላ ሰው ዓይን ላይ ላጎደለ ተረትም ያልተገኘለት ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፖስታ አነሣሁ፤ የዋስትና ኩባንያው የላከው ነው። ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ እየጻፍኩም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ጉዳዩ፦ ሕክምና እንዲደረግላቸው ስለመጠየቅ። የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ አቶ ደስታ ዓይናቸውን ስለታመሙ..."

"ስለታመሙ አይባልም" አሉ ከመቀመጫቸው ቀና ብለው። "'ሕመም ስለተሰማቸው' በል። ታመዋል የሚለው ሐኪሙ ነው።"

አረምኩት። "ሕመም ስለተሰማቸው ተገቢው ምርመራ እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር።"

"ግልባጭስ?"

"ግልባጭ፦ አብሮ ለሚሄደው ሠራተኛ።"

"ማህተም የለውም" አሉ በመጨረሻ።

ማህተም ከየት ላምጣ? ኪሴን ስዳብስ ከዚያ ወጣት ብስክሌት ላይ የፈታሁት ብርቱካንማ ካርድ እጄ ገባ። የከተማው ዓርማ አለበት። ፖስታውን በስቼ አሰርኩበት። በጣታቸው ዳሰሱትና ምን እንደሚል ጠየቁኝ። "ያለቦታው ቆሟል፤ በጊዜ ካልተነሣ ይወሰዳል ይላል" አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ኮታቸውን ጠየቁኝ።

የቤተሰብ ሐኪሟ ሊዘጋ ሲል ተቀበለችን። "እንደምን ነዎት?" ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ደስታ በሆላንድኛ "ደህና፣ በጣም ደህና" አሏት፤ ቀጥለውም የእሷን ጤና፣ የባሏን፣ የልጆቿን ጠየቁ። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ያላመመው ሰው ለምን መጣ እንደምትል ከፊቷ ያስታውቃል። እኛ ሐኪም ፊትም ቢሆን ሰላምታ ሳናዳርስ ሕመም አናወራም። መሀል ገባሁና መጋረጃ የምትለዋን ቃል ተናገርኩ። ከወንበሯ ተነሣች። ስልኩን አንሥታ ለሆስፒታሉ ስትደውል ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም።

ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። የሁለት ሰው ነገር አላስቻለኝም፤ ለሰበካ ጉባኤው ደወልኩ። ሰዓት ሳይሞላ እሳቸው ቁርጭምጭሚቱን ያሹለት ሁሉ መጣ። ከጽዳት ሥራ በዩኒፎርሟ የመጣች አለች፤ ከሆቴል ወጥ ቤት ሽርጡን ሳይፈታ የመጣ አለ፤ ሕሊና ከአምስተርዳም በባቡር ደረሰች። ነርሷ በሩን ከፍታ ቆማ ቀረች። "በሽተኛው የትኛው ነው?" አለች። ጋሽ ደስታና እኔ ተያየን፤ እሳቸው በአንዱ ዓይን።

ሐኪሙ የነገረንን ሳልቀንስ ልንገራችሁ። በግራው ዓይን ውስጠኛው ሽፋን ከቦታው ተላቋል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ግን ዘግይቷልና ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። በቀኙ ደግሞ ቀዳዳ ጀምሮ ነበር። እሱን በዚያኑ ቀን በጨረር ዘጉት፤ ቀኝ ዓይናቸው ተረፈ። "አምስት ሳምንት ቢቆይ ኖሮ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ቀኙም አይተርፍም ነበር" አለኝ።

በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "በዚያን ጊዜ" አሉ ቆይተው፣ "እኔም የእነሱ የሆነውን ስንቱን ሰው 'ይህ የእኔ ነው' ብዬ አስቀርቼ ይሆናል። አንዳንዴ እነዚያ ሰዎች ይታዩኛል። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ይቅር ይበለን።" የምናፍቀው ጠረጴዛ እንዲህ ያለ መሳቢያም እንደነበረው ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም። ቢሆንም ይናፍቀኛል።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ሁለቱንም ሕጎቼን ሻርኩ። የሰበካ ጉባኤውንም ሹመት መለስኩ፤ መቆሜ የጉልበቴ እንጂ የጸሎቴ አለመሆኑን ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም፤ ስለ ቀለሙ ገባት።

አሁን ጨዋ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ጉልበቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ደርሼ ነበር። ይህን ያህል ከታገሥኩ ሁለት ሳምንት ምን አላት? ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚባለውን አትመኑ፤ ይማራል፣ ግን ሌላውን ለማስተማር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ጋሽ ደስታ ናቸው። ከዴልፍስሃቨን እስከ ዴንሃግ፣ በባቡርና በትራም፣ በአንድ ዓይን ብቻቸውን መጥተዋል። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ከኮታቸው ኪስ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ድሮ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጽሕፈታቸው አሁን ከመስመሩ እየወጣ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል።

"ጉዳዩ፦ ሕክምና እንዲደረግለት ስለመጠየቅ" ይላል። "የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ጉልበቱን ሕመም ስለተሰማው..." እኔ ማንበብ ስላልቻልኩ እሳቸው በቃላቸው ጨረሱልኝ። ከግርጌው ያቺ ብርቱካንማ ካርድ ታስራበታለች።

"ማህተሙ ያው ነው፤ አልጣልኩትም" አሉኝ። "ኮትህን ልበስ።"

"ጋሽ ደስታ፣ ራሴ እሄዳለሁ። ለምን ይደክማሉ? ገና ከቀዶ ሕክምና መውጣትዎ ነው።"

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው፣ በቀረው ዓይናቸው አነበቡልኝ።

"ግልባጭ፦ አብሮ ለሚሄደው ለአቶ ደስታ።"